አንገቴን ብቻ አዞርኩ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ እንደ ቁም ሳጥን በሙሉ ሰውነቴ ነበር የምዞረው። ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የመዋል ዋጋ! እናቴ ወጌሻ ጋ ሂድ ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ክንዴን የታሸሁበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁም።

ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ታናሼ ናት። ዘይት አልቀባችኝም፤ ጣቷ እንዳይንሸራተት ነው አሉ። ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ገፋችና እዚያው ቆየች። ደቂቃ አለፈ። የምትፈልገው ፋሺያን፣ ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ነው። ለቋንጣ ሥጋ የዘለዘለ ሰው ያውቀዋል፤ ከቢላዋ ሥር እየተላጠ የሚወጣው፣ ነጣ ያለው፣ እንቢ ባዩ።

«አሁን እየለጠጥሽው ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ጠንካራው ሽፋን በእጅ ግፊት በቀላሉ አይለጠጥም። ውስጡ ብዙ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ እነሱ ሲረጋጉ ጡንቻውም ይላላል።»

ተአምር ሠራሁልህ አለማለቷን ወደድኩላት። ሕመሙም ጨርሶ አልጠፋም፤ በየሰዓቱ ከወንበር ተነሥ ተብያለሁ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ከግራዬ «ሂሳብ!» አለ።

አንገቴን ብቻ አዞርኩ።