አማቴ በኦሽን ሲቲ ተራ ያስከበሩበት ቅዳሜ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ የሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሆነችው ኦሽን ሲቲ ለመድረስ ከ140 ማይል በላይ መንዳት ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ መኪናችን ደግሞ ባትሪዋ ሲሞላ 200 ማይል ያህል እንደምትሄድ ትናገራለች። ትናገራለች ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ግምት እንጂ ውል አይደለምና ፍጥነት ሲጨምር፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ፣ ማቀዝቀዣ ሲከፈትና ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጫን እየተሸራረፈ ይሄዳል። በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ አራቱም አብረውን ነበሩ። ጣሪያው ላይ የተጫነው ዕቃ የአማቴ ነው፤ ወቅቱ ፍልሰታ በመሆኑ ፈረንጅ አገር የጾም ምግብ በየመንገዱ አይገኝም ብለው እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና አንድ ትልቅ ድስት ከነማማሰያው ጭነዋል። ያም ሆኖ ማናችንም አልተጨነቅንም፤ ባለቤቴ ሆቴሉ ጋ ደውላ “ቻርጀር አለን” የሚል ቁርጥ ያለ መልስ አግኝታ ነበር።

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ርዝመቱ ከ4 ማይል በላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ዋሽንግተን ወደ ባሕር ስለሚወጣ መኪናው ሁሉ ከድልድዩ በፊት ተኮልኩሎ ስንንፏቀቅ፣ እዚህ አካባቢ ድልድዩን የሚፈሩ ሰዎች መኪናቸውን በክፍያ የሚያሻግሩላቸው ሹፌሮች እንዳሉ ለአማቴ አጫወትኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ “ታዲያ አንተ ይህን እንጀራ ትተህ ቢሮ ምን ትሠራለህ?” አሉኝ። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መሬት እስክንረግጥ ድረስ አላወረዱትም። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ራሷን እየያዘች ባትሪዋን ትንሽ እንደምትሞላ ብነግራቸው ከነጠላው ሥር ሆነው፣ “እሱን አውቃለሁ” አሉ።

በእርግጥም ያውቃሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በሽሮ ሜዳ ሰፈራቸው የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መንገዱን ሙሉ የነገሩንም ይህንኑ ነው፤ “የጎረቤታችን ልጅ ማታ ግቢው ውስጥ ይሰካል፣ ጠዋት ሞልታ ያገኛታል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲመጣ ትሞላለች። እናንተ መብራት በማይጠፋበት አገር ምን ሆናችሁ ነው በየመንገዱ ሶኬት የምትለምኑት?” የምንኖርበት አፓርትመንት መኪና ማቆሚያው ላይ ሶኬት እንደሌለው ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ሆኖም አማት ከልብ ሲገረሙ ማቋረጥ ስለማይገባ ዝም አልኩ።

ሆቴሉ እውነትም ቻርጀር አለው፤ አንድ። ከሕንፃው ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ባዶ የጀልባ ተጎታች ያሰረ ትልቅ ፒክአፕ ቆሟል፤ የፒክአፑ ባለቤት ከነጀልባው ባሕር ላይ ናቸው። የእንግዳ መቀበያው ወጣት ሰውየው ማታ እንደሚመለሱ በትሕትና ገለጸልንና ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ኤክስቴንሽን ሊስብልን ሐሳብ አቀረበ። ተራ የግድግዳ ሶኬት እዚህ አገር በሰዓት ከ4 ማይል እምብዛም ስለማይጨምር፣ ለመመለሻ የሚበቃንን ያህል ሞልቶልን የምንነሳው ሰኞ ሊነጋ ሲል መሆኑ ነው። ከኦሽን ሲቲ መውጫ ድልድይ ማዶ አንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፈጣን ቻርጀር እንዳለ ስልኬ ላይ አየሁ። ባለቤቴና ልጃችን ወደ ባሕሩ ሄዱ፤ አማቴ ግን “ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም” ብለው እኔ ጋ ቀሩ።

ከኦሽን ሲቲ ሩት 50 በተባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሰው በዚሁ ድልድይ አጠገብ አንድ የታወቀ ምልክት ያያል። መንገዱ አገሩን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ስለሚደርስ ምልክቱ ላይ “ሳክራሜንቶ 3,073” ተብሎ ተጽፏል። አማቴ ቁጥሩን አነበቡ፤ ቀጥለው ዳሽቦርዱን አዩ፤ 14 ይላል።

“በዚችው ነው?” አሉኝ።

የገበያው ማቆሚያ ውስጥ አራት ቻርጀሮች አሉ። የአንዱ ስክሪን ጠቁሯል፤ በሦስቱ ላይ መኪኖች ተሰክተዋል፤ ስድስት መኪኖች ደግሞ በተለያየ አቅጣጫ አፍንጫቸውን ቀስረው ይጠብቃሉ። ችግሩ ብዛታቸው አልነበረም። ማቆሚያው ከሦስት በኩል ስለሚገባ ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ እናም የዋና ቁምጣ የለበሱ ሰውዬና ጸጉራቸው ገና ያልደረቀ ሴትዮ ፊት ለፊት ቆመው፣ ፈረንጅ ሲናደድ እንደሚያደርገው፣ በጣም በዝግታና በጣም በጨዋነት እየተጣሉ ነበር።

አማቴ ይህን ለጥቂት ጊዜ በመስኮት ተመለከቱ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ላስቆማቸው ፈልጌ ነበር፤ ዳሩ ግን ከአርባ ዓመት በላይ በሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ የቆመን ሰው ሰልፍ ሲበላሽ ዝም በል ማለት አይቻልም። ከቦርሳቸው የግሮሰሪ ደረሰኞች አወጡ፤ ጀርባቸው ላይ በእስክርቢቶ ከ1 እስከ 7 በትልቁ ጻፉ፤ ከዚያ በየመኪናው መስኮት እየዞሩ፣ እኔን በአስተርጓሚነት እያስከተሉ፣ ማን ማንን እዚህ እንዳገኘ ጠየቁ። ማን ቀደመ የሚለውን ሁሉም ለራሱ ያዳላል፤ ስትደርስ ማን ነበር የሚለውን ግን የሚዋሽ የለም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ ተስተካከለ። ባለቁምጣው 2 ቁጥር ደረሳቸው፣ ሴትዮዋ 1። ሰውየው ደረሰኟን አገላብጠው ካዩ በኋላ አመስግነው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በነጠላና በጃንጥላ የሚመጣ ሥልጣን ምን ዓይነት እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አማቴ ግን አንደኛው ቻርጀር ላይ የተሰካው ነጭ መኪና ለምን እንደማይነሳ ጠየቁኝ፤ እኔም አፌን አላርፍ ብሎኝ ባትሪው 80 በመቶ ከሞላ በኋላ እንዳይጎዳ ፍጥነቱ በጣም እንደሚቀንስና የቀረችው ጥቂት ራሷን የቻለ ጊዜ እንደምትፈጅ አብራራሁላቸው። ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥሎ ያየኋቸው የነጩን መኪና መስኮት በጃንጥላቸው እጀታ ኳ ኳ ሲያደርጉ ነው።

“ኤይቲ!” አሉ፣ ወደ ስክሪኑ እየጠቆሙ። ስክሪኑ 91 ይላል። “ኤይቲ፣ ጎ!”

ወጣቱ ሹፌር መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ጃንጥላውን፣ ከዚያም ደረሰኛቸውን ይዘው የሚያዩትን ስድስት ሰዎች ተመለከተና ነቅሎ ሄደ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ማቆሚያ ውስጥ 80 ሕግ ሆነ። ሰልፉም መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እውነቱን ለመናገር የቻርጀሩ ባለቤት ድርጅት ካቆመው ስክሪን ሁሉ የአማቴ ደረሰኝ የተሻለ ሠርቷል። ባለ 3 ቁጥሩ በደስታ በኮምጣጤ የራሰ ትኩስ የድንች ጥብስ ገዝተው አመጡላቸው። አማቴ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ሦስት ጊዜ አስጠይቀው፣ ጎረስ ሊያደርጉ ሲሉ አንዲት የባሕር ወፍ ከላይ ወርዳ ከጣታቸው ላይ ነጥቃ በረረች።

“ይቺ ቁጥር አልወሰደችም” አሉ።

ተራችን 7 ነበር፤ እኛው ደረሰኝ እያደልን እኛው መጨረሻ። ከ4 በኋላ ሾልከን እንድንገባ በአማርኛ፣ ማንም በማይሰማን ቋንቋ፣ በትሕትና ሐሳብ ባቀርብ፣ “ዘመድ አይቀድምም” ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ተራችን ሲደርስ ያንን ክንድ የሚያህል ከባድ ገመድ ጎትቼ ሰካሁ፤ ቀጭ አለ፤ የቻርጀሩ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፤ ቁጥሩም ቀስ እያለ ወጣ። 78 ላይ አማቴ መጥተው ከመስኮቴ አጠገብ ቆሙ። የነፋሱን፣ የማቀዝቀዣውንና የድስቱን ጉዳይ ዘርዝሬ እስከ 90 እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። ጃንጥላቸውን አነሱ። ነቀልኩ።

ከዚያ በኋላ የቀረን ወደ ባሕሩ መሄድ ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚህ መሃል ሌሎች መኪኖች ደርሰው ደረሰኙ እስከ 15 ሄዷል፤ አማቴም ሥራውን ማን እንደሚረከባቸው ሳያውቁ ንቅንቅ አልል አሉ። ቁጥር 12ን የያዘችውን ወጣት ካስጠጉ በኋላ የቀሩትን ወረቀቶችና እስክርቢቶውን አስረከቧት፤ ስለ 80 ሕግ በጣታቸው አስረድተው፣ እሷም ደግማ እንድታሳያቸው አድርገው ሲያበቁ መሽቷል። ሆቴሉ ስንደርስ ፒክአፑ ተነስቶ ቻርጀሩ ባዶውን ነበር። ባለቤቴና ልጃችን በአሸዋ ተለውሰው፣ በፀሐይ ቀልተው፣ ደስ ብሏቸው ተኝተዋል።

በማግስቱ ጠዋት የሽሮ ሜዳ ጎረቤታቸው በቪዲዮ ደውለው፣ “እስቲ ያንን ውቅያኖስ አሳዪኝ” ሲሏቸው አማቴ ገና ከአልጋ አልተነሱም ነበር።

“የት አይቼው እቴ” አሉ፤ “ትናንት ሥራ ውዬ ደክሞኝ ነው የገባሁት።”