የእኔ ኤች 5 ነው

ትናንት ማታ ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ይዤ ጥቅሶቼን፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎቼ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጽሑፎች አሉኝ። ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ 210፣ 41፣ 12፣ 6፣ 5፣ 3፣ 2፣ 0፣ 0። ስለዚህ ተመራማሪ በጥቅሶቹ የሚለካበት ኤች-ኢንዴክሴ 5 ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች አሉኝ ማለት ነው። ስድስተኛው ሦስት ላይ ተገትሮ ቀረ። መለኪያውን በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው።

ባለ 210ዋ ካላ አዛር ስለተባለው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ የተጻፈች ናት። 38 ደራሲዎች አሏት፤ እኔ አሥራ ሰባተኛው ነኝ። ሥራዬ የታማሚዎችን መዝገብ ማጣራት ነበር። ደግነቱ ለኤች ሁለት መቶም ሆነ አምስት ያው ነው፤ ከደፉ በላይ ያለውን አይቆጥርም። (እናቴ ግን 210ን ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።)

የምወዳት ሁለት ጊዜ ብቻ የተጠቀሰችዋን ነው። ሰሊጥ ለማጨድ መተማና ሁመራ ወርደው የታመሙ የቀን ሠራተኞች ለምን ዘግይተው ሐኪም ቤት እንደሚመጡ የጠየቅኩባት ናት። ከሁለቱ ጥቅሶች አንዱ የራሴ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ ሶፍት ላይ አብረውኝ የጻፉትን በነጥብ፣ የጋራ ሥራዎቻችንን በመስመር ሣልኩ። መስመሩ ሁሉ ወደ አውሮፓ ይሮጣል። ሁለት በር አልፎ ወዳለው ባልደረባዬ አንድም የለም። ጥገኛ ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ ስትፈልግ የምትውለው የላብራቶሪ ባለሙያችን ደግሞ ነጥብ እንኳ የላትም፤ ስሟ የትኛውም ጽሑፍ ላይ አልገባም።

አስተናጋጇ ሶፍቱን ልትጥለው ስትል ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።