ተራራህ ማን ይባላል?

ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ሥራ እንደጀመርኩ፣ አዲስ ገቢዎች በሙሉ ማራኤ ሄደን እንደምናድር ተነገረን። ማራኤ የማኦሪዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የጋራ ግቢ ነው፤ ለቅሶውም፣ ድግሱም፣ ስብሰባውም እዚያ ነው። ለዚያ ቀን እያንዳንዳችን ፔፔሃ ማዘጋጀት ነበረብን።

ፔፔሃ ራስን ማስተዋወቂያ ነው፤ ግን በስም አይጀመርም። ተራራህ ይቀድማል፣ ወንዝህ ይከተላል፣ ከዚያ አያቶችህ ባሕር ያቋረጡበት ታንኳ፣ ነገድህ። ስምህ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ቸኩዬ ከኢንተርኔት ናሙና ገለበጥኩና አንዱን የኦክላንድ ተራራ የራሴ አደረግኩት። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ማኦሪ ትልቅ ሴት አይተው ሳቁ። «ይሄማ ባለቤት አለው። ያንተስ?»

የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ጮቄ አልኳቸው። ወንዙ ዓባይ። ታንኳው ላይ ስንደርስ «እኔ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት» ብላቸው «እንግዲያው ዝለለዋ!» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ «ኮ ጮቄ ቴ ማውንጋ፣ ኮ ዓባይ ቴ አዋ»፣ ተራራዬ ጮቄ፣ ወንዜ ዓባይ፣ ስል ከረምኩ።

ቀኑ ደረሰ። በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ አንዲት እናት ከውስጥ በረጅም ዜማ ጠሩን። ካራንጋ ይሉታል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ ብዙም አልተሳሳትኩም፣ ሙታንም አብረው ይጠራሉ። ንግግሩና ዝማሬው ካለቀ በኋላ ሆንጊ መጣ፤ አፍንጫና ግንባር አጋጥሞ እስትንፋስ መካፈል ማለት ነው። እዚህ ጋ ጉድ ሆንኩ። አፍንጫችን ከመነካካቱ የሀገሬ ልማድ ቀደመኝና ጉንጭ ልስም ዞር አልኩ። የሽማግሌው አፍንጫ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ትከሻዬን ይዘው ቀጥ አደረጉኝና እንደገና ጀመርን። ስለዚህ ለምትሄዱ፦ አንገታችሁን አታዙሩ።

ማታ ጫማችንን አውልቀን ትልቁ ቤት ገባን። ፍራሹ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። ደክሞኝ ትራስ ላይ ዘጭ አልኩ፤ ጎረቤቴ ቶሎ ጎተተኝ። ራስ ታፑ፣ ማለትም የተቀደሰ ነው፤ ራስ የሚያርፍበት ላይ መቀመጫ አይቀመጥም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ፔፔሃዬን ስጨርስ አንድ ከፋንጋኑይ ወንዝ አካባቢ የመጣ ማኦሪ ስለ ዓባይ ጠየቀኝ። የእነሱ ወንዝ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕግ እንደ ሰው ተቆጥሯል፤ «እኔ ወንዙ ነኝ፣ ወንዙም እኔ ነው» ይላሉ። እኔም «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረጎምኩለት።

ትንሽ አሰበና «ግንዱን የት ነው የሚያደርሰው?» አለኝ። መብራት እስኪጠፋ ስለ ሱዳንና ግብፅ ሳወራለት አመሸሁ።