ክብ ትሪ ቢጠፋ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እንዲሁ ሆድ ብሶኝ ነበር። ምክንያት የለውም። ዝናቡ ይሆናል። እንዲህ በሚያደርገኝ ቀን ድስት ማየት አልፈልግምና መንገዴን ወደ ሌዶ ፒዛ ቤት አጠፍኩ።

ሜሪላንድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፒዛው አራት ማዕዘን ነው። ሊጡ ስስ፣ ቺዙ ጭስ ጭስ የሚል ፕሮቮሎኔ። በትንንሽ አራት ማዕዘን ስለሚቆረጥ ስንት እንደበላሁ መቁጠር አልችልም፤ ይሄ ለእኔ ውለታ ነው። በተለይ ሐሙስ ማታ። ነገ ዓርብ ነው፤ የተረፈውን ማን ሊበላው?

በ1955 (በፈረንጆቹ) እዚሁ ሜሪላንድ፣ አደልፊ ላይ የመጀመሪያውን ቤት ሲከፍቱ ክብ የፒዛ ትሪ አጡ አሉ። በተገኘው ጋገሩ። ይኸው ዛሬ ከመቶ በላይ ቅርንጫፍ ሆነው፣ ክብ ትሪ በየሱቁ ሞልቶ፣ ፒዛው አሁንም አራት ማዕዘን ነው። ጭራሽ መታወቂያቸው ሆኗል።

ለጊዜው ተብሎ የተጀመረ ነገር እኮ!

እዚህ አገር ስመጣ ያረፍኩባቸው እትዬ አ. እንጀራ የሚጋግሩት በሰልፍ ራይዚንግ፣ ማለትም ቤኪንግ ፓውደር አብሮት በተቀላቀለ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነበር። «ጤፍ እስኪገኝ ነው» ይሉኝ ነበር፣ ያፈሩ ይመስል። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጤፍ ሞልቷል። ልጆቻቸው ግን የጤፉን «ኮመጠጠን» ብለው ያንኑ ነጩን ነው የሚፈልጉት። ባለፈው ልደት ላይ ሁለቱም ቀርቦ ሳለ የእኔም እጅ ዝም ብሎ ወደ ነጩ ሄደ። ደነገጥኩ። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ሥራዬም ለጊዜው ነበር። ይቺ ክፍልም። እማዬ ስትደውል አሁንም «ለጊዜው ነው» እላታለሁ፤ እሷም «አዎ፣ ለጊዜው ነው» ትላለች። ታምነኝ ይሆን ወይስ እንዳላፍር ብላ?

ይህን እየጻፍኩ ቀና ስል መስኮቱን አየሁት። መጋረጃ እስክገዛ ብዬ በመርፌ ቁልፍ ያያዝኩት አንሶላ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ በቃ ዛሬስ አልኩና አወረድኩት።

አጠብኩት። ተኮስኩት። መልሼ ሰቀልኩት።