ሲንኩ ነው ያለቀው ወይስ ከሥሩ ያለው?

የዕቃ ማጠቢያ ሲንካችን ይቀየር የሚለው ወሬ ቤት ውስጥ የተነሳው ሦስት ነገር በአንድ ሰሞን ስለተደራረበ ነው። ከሥሩ ያለው የካቢኔት ወለል ይረጥባል፣ መጥፎ ሽታ አለ፣ በማፍሰሻው ዙሪያ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። ሁሉም "ይሄ አልቆለታል" አለ። እኔ ግን አዲስ ከመግዛቴ በፊት ያለቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለይቼ ማወቅ ፈለግሁ። በልማድ ሲንክ የምንለው ገንዳውን፣ ማፍሰሻውን፣ የጎማ ማሸጊያውን፣ ሲፎኑን (ከማፍሰሻው ሥር ሆኖ ፍሳሹን ወደ ግድግዳው ቱቦ የሚያስተላልፈውን)፣ ቧንቧውንና ጠርዙ ላይ ያለውን ሲሊኮን አንድ ላይ ነው። ከገንዳው በስተቀር ሁሉም ለየብቻቸው ይቀየራሉ።

ከእርጥበቱ ጀመርኩ። ካቢኔቱን ባዶ አድርጌ ከሥር ያለውን ሁሉ በጨርቅ አደረቅሁና ወለሉ ላይ ሶፍት አነጠፍኩ። ማፍሰሻውን ደፍኜ ገንዳውን እስከ ግማሽ ሞልቼ ተውኩት። በዚህ ጊዜ ውሃው የሚነካው ገንዳውንና የማፍሰሻውን ማሸጊያ ብቻ ስለሆነ፣ ሶፍቱ ከረጠበ ጥፋቱ ከሁለቱ የአንዱ ነው። ቀጥዬ ውሃውን በአንዴ ለቀቅሁት፤ ያኔ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ ሲፎኑ ወይም መገጣጠሚያው ጋ ነው። በመጨረሻ በጠርዙና በቧንቧው እግር ዙሪያ ውሃ አፈሰስኩ፤ እዚያ የሚያስገባ ካለ ሲሊኮኑን አንስቶ እንደገና መቀባት ይበቃል። እኛ ቤት ሶፍቱ የረጠበው ውሃው ሲለቀቅ ነበር። የሲፎኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሱን ስቀይር መንጠባጠቡ ቆመ፤ ሲፎኑን ፈትቼ ሳጥበው ሽታውም አብሮ ሄደ።

ነጠብጣቡ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ስቴንለስ ስቲል እንዳይዝግ የሚጠብቀው፣ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ የሚሠራው ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ለሲንክ በብዛት የሚውለው 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ሽፋኑ ቢፋቅ ራሱን ይተካል። በረኪናና ጨው ላዩ ላይ ሲያድሩ ግን በውስጣቸው ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በጥቃቅን ቦታ ሰብሮ ብረቱን ወደ ታች ይቦረቡረዋል። በሌላ በኩል ከዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የሚረግፈው ብናኝ ገንዳው ላይ ተጣብቆ ሲዝግ ያንኑ መልክ ያሳያል፤ ያ ዝገት የሽቦው እንጂ የሲንኩ አይደለም። ብዙ ደህና ሲንክ የሚጣለው በዚህ መምታታት ይመስለኛል።

ሁለቱን ለመለየት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሼ፣ የብረቱን መስመር ተከትዬ በስፖንጅ አሸሁት፤ አጥቤ አደረቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽቦ አላስነካሁትም። አብዛኛው ጠፍቶ ቀረ። ከማፍሰሻው አጠገብ ያለው ግን እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ፣ በጥፍር ሲነካም ጎድጎድ ይላል። ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳይ፣ ልክ በዚያው አንጻር ድምፅ የሚያፍነው ቅብ አብጦ ተልጧል፣ ብረቱም ዝጓል። የወሰንኩት ያኔ ነው። ዝገቱ ከላይም ከታችም አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ ብረቱ እዚያ ሳስቷል፤ ማጣበቂያ ጊዜ ቢገዛ እንጂ አያድነውም። ገና ባያፈስም እስኪበሳ መጠበቅ ደግሞ የካቢኔቱን ችፕውድ አብሮ ማጣት ነው፤ ችፕውድ ውሃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ ወደ ልኩ አይመለስም።

ገንዳው ሴራሚክ ከሆነ መለያው ሌላ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል መስመር ሊያስቸኩል አይገባም። መስመሩ ከሥርም ከታየ፣ ጥፍር ከያዘ፣ ወይም ገንዳው ሲንኳኳ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቁ ዘልቋል፤ ክብደት ሲያርፍበት ድንገት ተሰብሮ እጅ ሊቆርጥ ስለሚችል ይሄኛውን ለነገ ማለት አይገባም። ኢናሜል የተቀባ ብረት ላይ ትንሽ ቅርፊት ሲነሳ ቶሎ በጥገና ቀለም ይሸፈናል፤ ዝገቱ ከቅቡ ሥር እየተስፋፋ ከሆነ ግን አብቅቶለታል። ጭረት፣ መደብዘዝ፣ ውሃ ቀስ ብሎ መውረድ፦ እነዚህ አንዳቸውም ለመቀየር ምክንያት አይደሉም።

ለመግዛት ስሄድ የለካሁት ከላይ የሚታየውን ጠርዝ ሳይሆን ከሥር የተቆረጠውን ቀዳዳ ነው፤ ጠርዙ ከቀዳዳው ስለሚሰፋ ያሳስታል። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ከገንዳው ወለል እስከ ግድግዳው የፍሳሽ ቱቦ ያለውን ከፍታ መለካቴ ነው። ጥልቅ ገንዳ ለትልልቅ ድስት ይመቻል፣ ዓይኔም እሱ ላይ ነበር። ይሁንና ገንዳው ሲጠልቅ ማፍሰሻውም አብሮ ይወርዳል፤ የሲፎኑ መውጫ ከግድግዳው ቱቦ በታች ከዋለ ውሃው ወደ ላይ ሊወጣ ስለማይችል ተኝቶ ይቀራል፣ ያለዚያም ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል። በእኛ ልክ የሚተርፈው ክፍተት ጠባብ ስለነበር፣ ከአሮጌው ጋር እኩል ጥልቀት ያለውን ግን ብረቱ ወፈር ያለውን መርጬ አስገጠምኩ።