በሬው በር ላይ ቆመ

በስደት የተወለደችው ልጄ 6 ዓመት ሲሞላት የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወጣው ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን «ላም» የሚለውን ቃል ብቻውን ጽፌ ባሳያት ዝም አለችኝ። «ላ»ን ለመለየት ከ«ለ» ተነሥታ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለች መሄድ ነበረባት፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ «ም» ይጠፋባታል። የ33ቱን ፊደላት 231 ቅርጾች በዜማ ማወቅና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን ያን ቀን ተረዳሁ። ዜማውን አልነቅፍም፤ እኔም ያደግሁበት ነው።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛ ማንበብ የምትማረው ሕፃናቱ በሚያውቋቸው ጥቂት ድምፆች ብቻ በተጻፉ አጫጭር የእንስሳት ታሪኮች ነበር። በአማርኛ አንዱ ቅርጽ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ መንገዱ ይለያል፤ ቢሆንም ልጅ የሚወደውን እንስሳ ይዞ በጥቂት ፊደል መጀመር ለእኛም ይሆናል ብዬ በደብተር ላይ መጻፍ ጀመርሁ።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «በሬው በር ላይ ቆመ» የሚል ነበር። ልጄ በጣቷ እየተከተለች «በሬው በሬ ላይ ቆመ» ብላ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ በሬ እንዴት በሬ ላይ ይቆማል?» አለች። እኔ ምንም ሳልናገር ጣቷን መለሰች፤ ሁለተኛው ቃል ላይ የ«ሬ» ቀለበት እንደሌለ አየች፤ ከዚያም ቀስ ብላ «በ...ር» አለች። እኔ ስንት ጊዜ አርሜያት ያልተሳካልኝን ታሪኩ ራሱ አረማት። ከዚያ ወዲህ «በግ» እና «በጋ»ን የመሳሰሉ በአንድ ቅርጽ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን እየፈለግሁ በታሪክ ውስጥ አስገባቸዋለሁ።

ሥዕል ግን አታለለኝ። የጅብ ሥዕል ከጽሑፉ በላይ ባደርግ ፊደሉን ሳታይ «ውሻ» ብላ አለፈች፤ ስለዚህ አሁን ሥዕሉን በወረቀት እሸፍንና ቃሉን ካነበበች በኋላ እገልጥላታለሁ።

ከሁሉ የከበዳት «ጦጣ» ነው። በቤት ውስጥ ከእኛ በቀር አማርኛ ስለማትሰማ «ቶታ» ትል ነበር። መዳፏን ከአፏ ፊት አድርጋ «ተ» ስትል ትንፋሹ እንዲሰማት፣ «ጠ» ስትል ደግሞ ድምፁ ከጉሮሮ ታምቆ ሲፈነዳ እንድታስተውል ለብዙ ምሽቶች አብረን ተለማመድን። አሁን የጦጣዋን ታሪክ ሳትሳሳት ታነበዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «በግ አለ። በጉ ‹ባ!› አለ።» ብዬ ጻፍሁላት። የመጀመሪያውን «አለ» አላልታ አነበበችና አልጥም ሲላት ደግማ አጠበቀችው፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፊደል ለምን እንደተጻፉ ጠየቀችኝ። በአጻጻፋችን መጥበቅ እንደማይታይ፣ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ግን ከፊደሉ በላይ ነጥብ እንደሚያኖሩ ነገርኋት። እርሳሷን አንሥታ በመጀመሪያው «ለ» ላይ አንድ ነጥብ አኖረችና «አሁን በጉ አለ» አለች፣ አጥብቃ።