ከጡረታ በኋላ ዳዊትን በእጅ መጻፍ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጎንደር ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው የሚሰጠው ምክር ሦስት ዓይነት ነው፦ ሱቅ ክፈት፣ ባጃጅ ገዝተህ አከራይ፣ ወይም ጸሎትህን ያዝ። ሦስቱንም ከጓደኞቼም ከጎረቤትም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ የያዝኩት ከሦስተኛው ጋር ይጎራበታል እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። የቁም ጽሕፈት፣ ማለትም የድሮ ብራና ጸሐፊዎችን የእጅ አጻጻፍ፣ እየተማርኩ ዳዊትን በእጄ እየገለበጥኩ ነው። በቅርቡ ጡረታ የምትወጡ አንዳንዶቻችሁ እንዴት እንደጀመርኩት ስለጠየቃችሁኝ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ይሸኛል። ቀኑ ከዓመታት በፊት ይታወቃል፤ ሆኖም ሲደርስ ዱብ ዕዳ የሚሆንብን ብዙዎች ነን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እጄ የጻፈው ቁጥርና ፊርማ ነው። ቤት በዋልኩባቸው የመጀመሪያ ወራት ብዙ ነገር አቅጄ ነበር፦ ጓሮ ማልማት፣ በእግር መሄድ፣ እንግሊዝኛዬን ማደስ። ክፉ ዕቅዶች አልነበሩም። ግን ሁሉም «ሰው ምን ትሠራለህ ሲለኝ ምን እመልሳለሁ?» ከሚል ጭንቀት የመጡ ነበሩ። ዳዊት ግን የልጅነት ነገር ነው። አስኳላ ከመግባቴ በፊት ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደርሼ ነበር፤ መጻፉን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ያኔም መጻፍ የጸሐፊ እንጂ የተማሪ ሥራ አልነበረም። ያ ነገር ሳይቋጭ ቀርቶ ኖሯል። ለጡረታ የሚሆን ነገር የምትፈልጉ ሰዎች አዲስ ከመፈለጋችሁ በፊት የቀረባችሁን ብታስታውሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዳዊት ግን ትንሽ መጽሐፍ አይደለም። 150ው መዝሙር አለ፣ ከኋላው 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ ሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። «ዳዊት ጽፌ እጨርሳለሁ» ብሎ መነሣት በዚህ ዕድሜ ራስን ማስፈራራት ነው። ያስተማሩኝ የኔታ የሰጡኝ መነሻ መዝሙር 116 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ። አንድ ገጽ ሳይሞላ ያልቃል፤ ግን አለቀ ማለት አለቀ ነው። ከዚያ ከ119 እስከ 133 ያሉት ማኅልየ መዓርግ የሚባሉት 15 መዝሙራት አሉ፤ እነሱም አጫጭር ናቸው። ከነሱ በኋላ ነው ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አሥር አሥር እያሉ መሄድ። በድሮ ዳዊቶች ላይ አሥር መዝሙር በሞላ ቁጥር ሐረግ የሚባለው ጌጥ የሚሣልበት ወይም በቀለም የሚለይበት ልማድ አለ፤ እኔም ግቤን በዚያው ለካሁ። ዓመት ቆጥሬ አልሠራም። ዓመት መቁጠር የቢሮ ጠባይ ነው፣ በጀት ዓመት ያስለመደን።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ብርዑ የመቃ ነው። ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥና መካከሉ በጥቂቱ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙን የሚይዘው ያ ስንጥቅ ነው። አቆራረጡ ፊደሉን ይወስነዋል፦ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጭረት ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሚሆነው ጫፉ ሰያፍ ስለሆነ እንጂ እጅ ስለተጫነ አይደለም። ይህን መረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የእስክሪብቶ ሰው ሁሉ መጫን ይወዳል። ለጥቁሩና ለቀዩ ቀለም የተለያየ ብርዕ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ቀለም የሚሠራው ከጥላሸት፣ ከተቆላና ካረረ እህል፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከሙጫ ነው፤ ተወቅጦ፣ ተቦክቶ፣ ወራት ይቆያል። ባለቤቴ ስለ ጥላሸቱ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። አሁን ከየኔታ ነው የምወስደው፣ በቤታችን ሰላም ወርዷል።

ብራና ላይ ለመጻፍ ገና ነኝ። የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጸጉሩ ተፍቆ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚገኘው ቅጠል ጥቂት ነው፤ ዋጋውም በጡረታ ደመወዝ የሚቀለድበት አይደለም። ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ሰው «ብራና ካልሆነ ምኑን ጻፍከው» ይለኛል። አልስማማም። በወረቀት ፊደሉ ካልቆመ በብራና አይቆምም። ብራና አንድ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር የተሳሳተውን በምላጭ ፍቆ እዚያው ላይ መጻፍ መቻሉ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜዬን የሚበላው የመዝሙሩን ስንኝ ከመስመር ጋር ማስማማት ነው፤ ለዚህ ሥራ ፍቅር የያዘኝም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌላ መጽሐፍ ሁለትና ሦስት ዓምድ ሆኖ ይጻፋል፣ ቃሉ የትም ቢሰበር ችግር የለውም። ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ነው፣ እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ይጀምራል። አንዳንዱ ስንኝ አጭር ነው፣ መስመሩ ግማሹ ባዶ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ረዝሞ መስመሩን ያልፋል። ያኔ ጸሐፊው የተረፉትን ፊደላት በመስመሩ ጫፍ ከላይ ወይም ከታች ባለው ክፍት ቦታ ያስገባቸዋል። የድሮ ዳዊት ገልጣችሁ ብታዩ በቀኝ በኩል ትንንሽ ቃላት ከመስመር በላይ ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። በልጅነቴ የተረሳ ቃል የተጨመረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስሌት ነው። ጥሩ ጸሐፊ ስንኙን ገና ሳይጀምር ዳር ዳሩን አይቶ ቦታው የሚበቃ አይበቃ እንደሆነ ያውቃል፤ ፊደሉን በጥቂቱ ያጠጋጋል ወይም ያሰፋል፣ አንባቢው ግን አይነቃም። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ በዚህ ደስ ይለኛል። ስንኙን በጣቴ ቆጥሬ፣ የት እንደሚያልቅ በእርሳስ ነጥብ አድርጌ፣ ከዚያ እጽፋለሁ። የኔታ ነጥቧን ሲያዩ ይስቃሉ፣ አይከለክሉኝም ግን።

መዝሙር 118ን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። 176 ቁጥር አለው፣ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም በ22 ክፍል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ስምንት ስምንት። ከአጭሩ በሁለት መዝሙር ብቻ የሚርቅ መሆኑ ያስቀኛል።

ስለ እጅ ጽሕፈቱ ዓይነት ደግሞ አንድ ነገር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ዘመን የተስፋፋው ጉልሕ የሚባለው ነው፤ ትልልቅ፣ ደርባባ፣ መስመሩን ሞልቶ የሚቀመጥ ፊደል። ረቂቅ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው። እኔ ጉልሑን መረጥኩ። ምክንያቱ የከተማ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ መነጽር ላደረገ ሰው ጉልሕ ምሕረት ነው። አርአያ የሚሆነኝን ፍለጋ ግን ብዙውን ጊዜ ከቤቴ አልወጣም፣ ስልኬን ነው የምከፍተው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያስገቧቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ከዚያ ካገኘው መካከል ወደ 350 የሚሆን የብራና መጽሐፍ ለንደን ገባ። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጎንደር ከርመው ብዙ የብራና መጻሕፍትን፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ጭምር፣ ወደ ፓሪስ ወሰዱ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን ፎቶ አንሥቶ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የጎንደርን ፊደል በፓሪስ በኩል መማር ያናድዳል፤ ግን ገጹን በሁለት ጣት አስፍቶ የአንዷን «ፀ» አጣጣል ማየት ይቻላል፣ እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አያለሁ።

ጤናን በተመለከተ፦ ከመጀመሬ በፊት ዓይኔን ታይቼ ነበር፣ እናንተም ታዩ። ሞራ የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ ብዙ ሰው ግን የዕድሜ ነው ብሎ ይተወዋል። የምጽፈው ጠዋት ነው፣ በረንዳ ላይ፣ ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ ተቀምጬ፤ ቀኝ እጄ በሚጽፈው ላይ ጥላ እንዳይጥል። መብራት ላይ አልተማመንም፣ በተለይ ክረምት። ጣቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቆማለሁ። ስንኙ ተጋምሶ ከሆነ ግን ስንኙን ጨርሼ ነው የምነሣው።

ገንዘብ ያስገኝ እንደሆነ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። አንድ ዘመዴ ለስጦታ የሚሆን መዝሙር በፍሬም አድርጌ እንድሸጥለት ጠይቆኛል። እምቢ አልኩት፤ በነፃ ጻፍኩለት። ክፉ ሥራ ስለሆነ አይደለም፣ ጸሐፊዎች ድሮም በዚህ ኖረውበታል። እኔ ግን ቀነ ገደብ ያለበት ሥራ ስሠራ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ማስረከቢያ ቀን ያለው ነገር ወደዚህ በረንዳ እንዲወጣ አልፈልግም። ጡረታው የማይበቃው ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል፣ አልፈርድበትም።

አሁን ማኅልየ መዓርጉ አልቋል፣ የመጀመሪያው አሥርም ወደ ማለቁ ነው። ቀዩን ቀለም ገና አልደፈርኩትም፤ የመዝሙሩ አርእስት በቀይ ስለሚጻፍ ቦታውን ባዶ እየተውኩ አልፋለሁ፤ አሥሩ ሲሞላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልሞላቸው ነው። ከፋሲካ በኋላ የጥራዝ ስፌት ማየት እጀምራለሁ። የዋንዛ ገበታ (የመጽሐፉን የእንጨት ሽፋን) እና ድጉስ (በላዩ የሚለብሰውን ያጌጠ ቆዳ) የሚሠራ ሰው የኔታ ያውቃሉ፣ ሊያገናኙኝ ቃል ገብተውልኛል። መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከቆረጥኩት መቃ ለሁለት ሰው የሚሆን ተርፎኛል፤ ቀለም ግን ከየራሳችሁ።